«በሰው ሁሉ ፊት ‹ልጄ› አሉኝ»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከእስራኤል፣ በደቡብ በኩል ካለች አንዲት ከተማ ነው። ጸሐፊው ወጣት ራቢ ነው። የሰውም የከተማም ስም አስቀርቼ፣ ረዘም ስለሚል አሳጥሬ እነሆ፦

«የተወለድኩት ጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ሕፃን ሆኜ ከቤተሰቦቼ ጋር መጣሁ። የሺቫ (የራቢዎች ትምህርት ቤት) ተምሬ፣ ፈተናውን አልፌ፣ የራቢነት ማዕረግ አግኝቻለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት የሰፈራችንን ምኩራብ እንድመራ ተመረጥኩ። ከሚጸልዩት አብዛኞቹ የኛው የቤተ እስራኤል ሰዎች ናቸው።

ከፋሲካ በፊት በነበረው ሰንበት ሳስተምር ‹አባቶቻችን ኢትዮጵያ ውስጥ ልማድ እንጂ ሕጉን አያውቁም ነበር› አልኩ። ክፉ አስቤ አይደለም፤ ወጣቱ እንዲማር ብዬ ነው። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ አንድ አረጋዊ ቄስ፣ የአገር ቤቱ የሃይማኖት መሪያችን፣ ብድግ ብለው ‹ልጄ፣ ምኑን ነው ያላወቅነው?› አሉኝ። በሰው ሁሉ ፊት! ደነገጥኩ። ‹አባ፣ ይቀመጡ፤ ይሄ መስጊድ አይደለም› አልኳቸው። (መስጊድ የምንለው የአገር ቤቱን ጸሎት ቤታችንን ነው።) በማግስቱ ገባዩን (የምኩራቡን አስተናባሪ) ‹የሳቸውን ወንበር ወደ ኋላ አድርገው› አልኩት።

ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ሁለት ጊዜ ገባዩን ልኬ ‹ራቢው ይፈልጉዎታል› አስባልኩ፤ እምቢ አሉ። ሽማግሌዎቹም ተከትለዋቸው ቀሩ። ያለፈው ሰንበት ለጸሎት የሚያስፈልገው አሥር ሰው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ባለቤቴ ‹አባትህ ቢሆኑ እንደዚያ ትላቸው ነበር?› አለችኝ፤ አልመለስኩላትም። መሪ ትሑት መሆን እንዳለበት አውቃለሁ፣ አስተምራለሁም። ግን አንዴ ዝቅ ካልኩ ከዚያ በኋላ ማን ራቢ ይለኛል? መሪ ዝቅ የሚለው እስከ ስንት ድረስ ነው?»

ወንድሜ ሆይ፣

‹ልጄ› ብዬ ልጀምር ነበር። ዕድሜዬም ይፈቅድልኛል። ግን ቁስሉ ገና እርጥብ ነውና ተውኩት።

እስከ ስንት ድረስ ላልከው፣ ታልሙድ፣ የጥንት ሊቃውንቶቻችን የሕግና የክርክር መጽሐፍ፣ እንደ ገበያ ሚዛን ቁጥር አስቀምጦለታል። ሶጣ በሚባለው ክፍል፣ በሊቁ በራቭ ስም የተነገረ ቃል አለ። የተማረ ሰው የስምንተኛ ስምንተኛ ያህል ኩራት ሊኖረው ይገባል ይላል። ስልሳ አራት ብር ኪስህ ውስጥ ካለ፣ አንዷ ብር ማለት ነው። እዚያው ገጽ ላይ ራቭ ናሕማን የይስሐቅ ልጅ ይነሣና «እሷም ትቅር፣ የእሷም ቁራጭ ትቅር» ይላል። እንግዲህ ሊቃውንቱ የተከራከሩት በአንዲቷ ብር ላይ ነው። ስለ ስልሳ ሦስቱ ክርክር የለም። አንተ ስንት ዝቅ ልበል ብለህ ስትጠይቅ፣ እነሱ የሚጠያየቁት ስንት ቀና ማለት ይፈቀዳል ብለው ነው።

ሙሴን ላንተ ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ነው። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። ኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 12 ላይ ከምድር ሰው ሁሉ ይልቅ ትሑት የተባለው መቼ ነው? እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን ሲያሙት ነው። የሚያሙትም በሚስቱ ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ኢትዮጵያዊት በተባለችው። (የኛ ሰው እዚህች ላይ ሲደርስ ፈገግ ይላል።) «እግዚአብሔር በሙሴ ብቻ ነው እንዴ የተናገረው? በእኛስ አልተናገረም?» አሉ። እኛም እናውቃለን ነው ነገሩ። ቄሱ ከጠየቁህ ብዙም አይርቅም። ሙሴ አንዲት ቃል አልመለሰም። ማርያም በለምጽ ስትመታ ደግሞ በዕብራይስጥ አምስት ቃል ብቻ የሆነች ጸሎት ጸለየላት። ሕዝቡም እሷ እስክትመለስ ሰባት ቀን ሙሉ ከሰፈሩበት አልተነሣም። ይኸው ሰው ነው ፈርዖን ፊት የቆመው፤ ይኸው ሰው ነው ጽላቱን የሰበረው። ስለዚህ ዝምታው ከፍርሃት አልመጣም።

ላንተ ነገር ግን የሚቀርበው የጥንቱ መምህር ሂሌል ነው። የሂሌልን ትዕግሥት የሺቫ ውስጥ ጠግበህ ተምረኸዋል። ሂሌልን አስቆጣለሁ ብሎ አራት መቶ ዙዝ (የዘመኑ የብር ገንዘብ) ስለተወራረደው ሰውዬ አልነግርህም። የምነግርህ ሂሌል ራሱ ስለተሸነፈባት ቀን ነው።

ፔሳሒም በሚባለው የታልሙድ ክፍል ላይ ያለ ነው። ኒሳን 14፣ የፋሲካው መታረጃ ቀን፣ ሰንበት ላይ ዋለ። የፋሲካው ጠቦት በሰንበት ይታረድ ወይስ አይታረድ? የበቴራ ልጆች የሚባሉት የዘመኑ አለቆች ሕጉ ጠፋባቸው። ከባቢሎን የመጣ፣ ከሁለቱ ታላላቆች ከሸማያና ከአብታልዮን እግር ሥር የተማረ ሂሌል የሚባል ሰው አለ ተባለ። ተጠራ፣ መጣ፣ መለሰ። እነሱም ከወንበራቸው ተነሥተው እሱን አስቀመጡት፣ በላያቸውም ሾሙት። እስቲ አስበው፤ ዛሬ «እኔ አላውቅም፣ አንተ ታውቃለህ፣ ና ተቀመጥ» የሚል አለቃ የት ይገኛል? እንኳን የምኩራብ፣ የዕድር ሊቀመንበር አይለውም። ብዙ ዘመን ቆይቶ ራቢ ይሁዳ አለቃው በዓለም ላይ ሦስት ትሑታን ነበሩ ብሎ ሲቆጥር፣ የበቴራን ልጆች ከነዮናታን የሳኦል ልጅ ጋር ነው የቆጠራቸው።

ሂሌል ቀኑን ሙሉ የፋሲካን ሕግ ሲያስተምር ዋለ። ከዚያ አፉ አመለጠው። «እኔ ከባቢሎን መጥቼ በናንተ ላይ የተሾምኩት በምን ይመስላችኋል? በስንፍናችሁ ነው! ሁለቱን ታላላቆች ስላላገለገላችሁ ነው» አላቸው። ወዲያው ሌላ ጥያቄ መጣ። ቢላዋውን ከሰንበት በፊት ማምጣት የረሳ ሰው ምን ያድርግ? ሂሌል ቢያስብ ቢያስብ የለም። «ይህን ሕግ ሰምቼው ነበር፤ ረሳሁት» አለ። ጠዋት የተሾመ ሰው ማታ ላይ ባዶ ሆነ። ቀጥሎ ያለው ነው ሂሌልን ሂሌል ያሰኘው፦ «እስራኤልን ተዋቸው። ነቢያት ባይሆኑ እንኳ የነቢያት ልጆች ናቸው።»

በማግስቱ ሕዝቡ መሥዋዕቱን እየነዳ መጣ። በግ ያለው ቢላዋውን ጸጉሩ ውስጥ ሰክቶታል። ፍየል ያለው በቀንዶቹ መካከል ሸጉጦታል። እንስሳው ራሱ ቢላዋውን ተሸክሞ መጣ፤ ሰው አልተሸከመም፣ ሰንበትም አልተሻረም። ማንም አላስተማራቸውም፤ ከአባቶቻቸው ያዩትን ነው ያደረጉት። ሂሌል ይህን አየና ሕጉ ትዝ አለው፤ ከመምህሮቹ የሰማው ይህንኑ ነበር። ታልሙድም ከዚህ ተነሥቶ የሚኮራ ሰው ጥበበኛ ከሆነ ጥበቡ ይለየዋል ይላል፤ ማስረጃው ራሱ ሂሌል ነው።

አሁን የራስህን ስብከት መለስ ብለህ ስማው። ያው ፋሲካ ነው። ያው «አታውቁም ነበር» ነው። ደግሞ ለማን ነው ያልከው? በኢትዮጵያ ቄሶቻችን የፋሲካውን በግ ያርዱ ነበር። አንተ ከገጽ ላይ ያነበብከውን እሳቸው ቢላዋ ይዘው ኖረውታል። አዎ፣ ታልሙድ እኛ ዘንድ አልደረሰም ነበር። አዎ፣ ብዙ ዝርዝር ይለያያል። «አባቶቻችን ታልሙድ አልደረሳቸውም» ብትል ማንም አይቀየምህም፤ እውነት ነዋ። ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ፣ ሰንበትን በነፍሳቸው ጠብቀው፣ ስንት መከራ አልፈው ላቆዩህ ሰዎች «ሕጉን አያውቁም ነበር» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

እሳቸው ደግሞ ይህን ቃል መስማት ከአንተ አልጀመሩም። አገር ቤት አጋብተው፣ አስታርቀው፣ ቀብረው፣ ዳኝተው የኖሩ ሰዎች ናቸው። እዚህ ሲደርሱ ጋብቻ የሚያስፈጽመው ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1985 ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም በራቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት የተቀመጡት፣ «አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል፣ ውሃ ግቡ» ስለተባሉ ነው። እዚያ የተባሉትን ችለውታል። ከገዛ ልጃቸው አፍ ሲሰሙት ጊዜ ነው የተነሡት። «ልጄ» ያሉህም አንተን ለማሳነስ አይመስለኝም። ከጎንደር የመጣ ሽማግሌ የሚወደውን ሰው ሲገሥጽ ሌላ ምን ብሎ ይጀምራል?

«ይቀመጡ» ወዳልካት ልምጣ። አንተ አስቀመጥክ፤ ረባን ገማልያል ደግሞ አስቆመ። በረኮት ከሚባለው የታልሙድ ክፍል ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን ለሌሎቹ አንባቢዎች ልተርከው። ገማልያል ያብኔ ላይ ያለው ጉባኤ አለቃ ነው። ራቢ ኢያሱ በማታ ጸሎት ጉዳይ ከሱ የተለየ መልስ ለአንድ ተማሪ ሰጠ። ገማልያል በጉባኤ መሐል «ኢያሱ፣ በእግርህ ቁም፤ ይመስከሩብህ!» አለው። ከዚያ እሱ ተቀምጦ ያስተምራል፣ ሽማግሌው ቆሟል። ያስተምራል፣ ቆሟል። በመጨረሻ ሕዝቡ አጉረመረመ። ቃሉን ለጉባኤው ጮክ ብሎ የሚያሰማውን አስተርጓሚ «በቃ፣ አቁም!» አሉት፤ አቆመ። ያን ዕለት ገማልያልን ከአለቅነት አወረዱት። በምትኩ የዓዛርያስ ልጅ አልዓዛርን፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ሾሙ። በር ላይ ቆሞ ተማሪ ይመልስ የነበረውም ዘበኛ ተነሣ። ያን ቀን ስንት አግዳሚ እንደተጨመረ ሲከራከሩ፣ አንዱ አራት መቶ ይላል፣ ሌላው ሰባት መቶ። ያንተ ምኩራብ አግዳሚ እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ?

ገማልያል ግን ከተሻረ በኋላም ለአንዲት ሰዓት እንኳ ከጉባኤው አልቀረም። እዚያው ቀን በሌላ ጥያቄ ተከራክሮ በራቢ ኢያሱ ተረታ። ያኔ «እንዲህ ከሆነስ ሄጄ ኢያሱን ይቅርታ ልጠይቅ» አለ። ልብ በል፤ መልእክተኛ አላከም፣ ራሱ ሄደ። ቤቱ ሲደርስ ግድግዳው ጠቁሯል። «ከግድግዳህ እንደማየው ከሰል አክሳይ ነህ» አለው። ቀጥቃጭ ማለት ነው የሚሉም አሉ። ራቢ ኢያሱም «አንተ መሪው የሆንክለት ትውልድ ወዮለት! የሊቃውንቱን ጭንቅ አታውቅም፤ በምን እንደሚተዳደሩ፣ በምን እንደሚበሉ አታውቅም» ብሎ መለሰለት።

ይህን ክፍል መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ አያቴ ቤት ነው ትዝ ያለኝ። አያቴ ቀጥቃጭ ነበር። ወናፉ ከምድጃው አጠገብ ነው፣ ከሰሉ በር ሥር ተከምሯል፣ ከወገብ በላይ ያለው ግድግዳ እንዳለ ጥቁር ነው። እጄን ሳስደግፍ መዳፌ ይጠቁር ነበር። ቀን ማረሻ የሚያስጠግነው ጎረቤት ማታ «ቡዳ» ይለን ነበር። እና አንድ የታልሙድ ሊቅ፣ ኦሪትን ከነምሥጢሩ የሚያውቅ ሰው፣ ግድግዳው እንደ አያቴ ግድግዳ ነበር ሲሉኝ ደነቀኝ። ዓመታት ሙሉ አንድ ጉባኤ ውስጥ አብሮት የተቀመጠው አለቃ ግን አንድም ቀን ቤቱ ገብቶ አያውቅም። አንተስ የቄሱ ቤት ገብተህ ታውቃለህ?

«አንዴ ዝቅ ካልኩ ማን ራቢ ይለኛል» ለምትለው፣ የዚሁ ገማልያል ሌላ ታሪክ አለ። ልጁን ሲድር እሱ ራሱ ቆሞ ለእንግዶቹ ይቀዳ ነበር። ራቢ ኤሊዔዘር አፍሮ ጽዋውን አልቀበልም አለ። ያው የቆመው ራቢ ኢያሱ ግን ተቀብሎ ጠጣ። አብርሃምም ለእንግዶቹ ቆሞ አስተናግዷል፣ እነሱም መንገደኞች መስለውት ነው ብሎ ተሟገተ። ታሪኩ የተነገረበት ክፍል ንጉሥ ክብሩን ልተው ቢል አይችልም፣ ራቢ ግን ይችላል ይላል። ክብርህ የራስህ ገንዘብ ነው፤ ብትፈልግ ትሰጠዋለህ። የሳቸው ክብር ግን የሳቸው ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ስታስደርግ የሰጠኸው ያንተን አይደለም። የሕግ ሊቁ ራምባምም (ማይሞኒደስ) በዳኞች ሕግ ላይ የሕዝብ መሪ ሕዝቡ ያልተማረ እንኳ ቢሆን በሕዝቡ ራስ ላይ አይረማመድ፣ የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ ልጆች ናቸውና ይላል።

ይሁንና ፍርሃትህ ፍጹም ከንቱ ነው አልልህም። ትሕትና መስሎ አገር ያጠፋ ነገር አለ። ጊጢን በሚባለው የታልሙድ ክፍል ላይ ያለው ራቢ ዘካርያስ የአብቆላስ ልጅ፣ የሮም ንጉሥ ለመሥዋዕት የላከው ጥጃ ነውር ተደርጎበት ሲመጣ ይሠዋ ሲሉት «ሰው ምን ይላል» አለ። ነውሩን ያደረገው ሰው ይገደል ሲሉትም «ሰው ምን ይላል» አለ። አንዱንም ሳይወስን ቀረ። ራቢ ዮሐናን ቤተ መቅደሳችንን ያቃጠለው፣ ከአገራችን ያሰደደን የዚህ ሰው ትሕትና ነው ብሎ ፈረደበት። ስለዚህ ሕግ የሚወሰንበት ጉዳይ ሲመጣ ወስን። ሽማግሌዎቹ ባይወዱትም ወስን፤ የተሾምክበት ሥራ ነው። ብቻ ከመወሰንህ በፊት የሂሌል ቤት፣ ደቀ መዛሙርቱ፣ እንዳደረጉት አድርግ። ከተከራካሪዎቻቸው ከሻማይ ቤት ጋር ሦስት ዓመት ተከራክረው ሕጉ እንደነሱ የሆነው የዋሆችና ትሑታን ስለነበሩ ነው። የሻማይን ቃል ከራሳቸው አስቀድመው ያስተምሩ ነበር። አንተም የቄሱን አስቀድመህ ተናገር፣ የራስህን አስከትል።

አሁን ወደ ሥራው። ገባዩን ሁለት ጊዜ ላክሁት ብለሃል። ሙሴም ዳታንንና አቤሮንን አስጠርቶ ነበር፤ «አንመጣም» አሉት። ቀጥሎ ምን ይላል? ሙሴ ተነሥቶ ወደ ዳታንና አቤሮን ሄደ። እነሱ አመፀኞች ነበሩ፣ እሱ ሙሴ ነበር፣ የሄደው እሱ ነው። ያንተዎቹ ደግሞ አመፀኛ እንኳ አይደሉም።

በሥራ ቀን፣ አመሻሽ ላይ ሂድ። ባለቤትህን ይዘሃት ሂድ፤ ነገሩ መጀመሪያ የገባት እሷ ናት። «ተቀይመው ከሆነ ይቅርታ» አትበል፤ እሱ ይቅርታ አይባልም። ያልከውን ቃል በቃል ጥራና «አጥፍቻለሁ» በል። መጀመሪያ ላይ ዝም ሊሉህ ይችላሉ። ገማልያልም «ይቅር በለኝ» ሲል ራቢ ኢያሱ ዝም ብሎታል፤ «ስለ አባቴ ቤት ክብር» ብሎ ሁለተኛ ሲለምን ነው የታረቁት። ዝም ካሉህ የቀረበልህን ጠጥተህ ተመለስና በሌላ ሳምንት ደግመህ ሂድ።

ጥፋቱ የሆነው በአደባባይ ስለሆነ ቤት ውስጥ ብቻ አያልቅም። በሚመጣው ሰንበት፣ ስብከትህን ከመጀመርህ በፊት፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃሃል። ከሰንበት በፊት ደግሞ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሰው። ራስህ ተሸክመህ፤ ገባዩን እንዳትልክ።

ቤታቸው ስትሄድ ለይምሰል ያልሆነ፣ የእውነት የምትጠይቃቸው ጥያቄ ይዘህ ሂድ። እኔ ብሆን ሂሌል የረሳትን ነው የምጠይቃቸው፦ አገር ቤት ሳላችሁ፣ የፋሲካው መታረጃ ቀን ሰንበት ላይ ሲውል ምን ታደርጉ ነበር? ቢላዋውስ? መልሳቸውን «ልጄ» ብለው እንደሚጀምሩት አልጠራጠርም። «አቤት» በልና አዳምጥ። የነገሩህን ጻፍልኝ፤ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።